ለክብር ሲባል ያልተዘጋ በር

እስኪ ይህን ፎቶግራፍ ተመልከቱ። አንድ ሽማግሌ አዲስ ሱፍ ለብሰው መካከል ላይ ቆመዋል። ግራና ቀኝ ሠራተኞች ከበዋቸዋል፤ ሁሉም ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ሽማግሌው መስተዋት የተገጠመለት ሰሌዳ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ሰሌዳው ላይ በወርቅ ቀለም ቁልፍ ተሥሏል፤ ከቁልፉ ሥር ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ። ጠጋ ብላችሁ አንብቡት። የመጀመሪያው መስመር የሽማግሌው የመግቢያ ስም ነው። ሁለተኛው የይለፍ ቃላቸው ነው። ልሞክረው ብላችሁ አትድከሙ፣ ዛሬ አይሠራም። ሲሠራ ግን ያ ስምና ያ ቃል ያለው ሰው የጤና ጣቢያውን ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጹም የበሽተኞቹም መዝገብ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር፣ እንዳሻው ከፍቶ ያነብ፣ እንዳሻው ይለውጥ ነበር።

ፎቶው አሥራ አራት ወር ሙሉ እዚያው ድረ ገጽ ላይ፣ «ዜናዎቻችን» በሚለው ሥር ተለጥፎ ኖሯል። ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ የሚሰቅል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እነዚህ ሰቅለው ሲያበቁ ከሥሩ ቆመው ፎቶ ተነሡ።

ከሁሉም ኋላ፣ ከአበባው ጎን፣ የማትስቅ አንዲት ሴት አለች። የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

መሥሪያ ቤቱ «ዘበኛዋ» ይላታል። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ስትስል እሰማታለሁ፣ ስስቅ ትሰማኛለች። ጤና ጣቢያው የገባችው በሃያ ሁለት ዓመቷ በታይፒስትነት ነው፤ አሁን አርባ ስድስት ሞልቷታል። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ሌሎቹ ጸሐፊዎች ዳንቴል አልብሰው አስቀመጡት፤ እሷ ዳንቴሉን ገፋ አድርጋ ከፈተችው። ሰርቨሩ ሲመጣማ ጭራሽ የሚጠጋው ጠፋ። ያመጡት ሰዎች ገጣጥመው፣ የጡብ ውፍረት ያለው መመሪያ ጥለው ሄዱ። መመሪያው በባዕድ ቋንቋ ነው። ልጇ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሒሳቧን ስትሠራ፣ እናት መዝገበ ቃላት ከጎኗ አድርጋ አንድ አንድ ገጽ ስትፈታ ሦስት ዓመት ፈጀ። «እማ፣ አንቺ መቼ ነው የምትመረቂው?» ትላት ነበር ልጅቷ። አልተመረቀችም። ዲፕሎማ የላትም፤ ይህንንም ሥራ አስኪያጁ በየስብሰባው ሳያስታውሳት አያልፍም። (ይህን ሰው አንቱ ልለው ሞክሬ ብዕሬ እምቢ ብሎኛል፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።)

ሰርቨሩ የተቀመጠው ቀድሞ መጥረጊያና ባልዲ ይከማችባት በነበረች መስኮት አልባ ክፍል ነው። ጣሪያው ላይ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነበረ፤ ጠረጴዛውን ጎትታ ጥግ አስያዘችው። ማራገቢያ ከቤቷ አመጣች። የክፍሏ ቁልፍ በስድስት ሰው እጅ ነበርና አምስቱን ለመሰብሰብ ብቻ ግማሽ ዓመት ተከራከረች። «ባልዲያችንን የት አባታችን እናድርገው?» ነበር መልሱ።

ሥራዋ ምን እንደሆነ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፤ «ቤት ነው በይው። ብዙ በር ያለው ቤት። የማያስፈልገውን በር በግንብ እደፍናለሁ፣ የሚያስፈልገውን እቆልፋለሁ። ቁልፉን በየሁለት ወሩ እለውጣለሁ። ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን ደብተር ጠዋት ጠዋት አነባለሁ። ቤቱ ቢቃጠል ብዬ ደግሞ የዕቃውን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጣለሁ።» አለቀ። የዘበኛ ሥራ ነው። ዘበኛ ደግሞ ሌባ እስኪመጣ ድረስ ማንም አይወደውም።

መድኃኒት ቤቱ በኩል ስታልፍ ፋርማሲስቱ፣ «ዘበኛዋ መጣች፣ ኪሳችሁን ያዙ!» ይላል። ቁልፍ በለወጠች ቁጥር ኮሪደሩ ይንጫጫል።

«ዘንድሮ ሽንት ቤት ስገባም የይለፍ ቃል ልጠየቅ ነው?» ይላል አንዱ።

«አንተስ ባትጠየቅ ይሻላል፤ ረስተኸው በሩ ላይ ትቀራለህ» ትለዋለች እሷም። ምላስ እንደሆነ አልጎደላትም።

እስኪ አሁን ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚላቸው። ጤና ጣቢያውን ሠላሳ ዓመት የመሩ፣ ድሃ የማያንጓጥጡ ሐኪም ናቸው። ጡረታ ሲወጡ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ስጦታ አሰበላቸው፤ የክብር ቁልፍ። «የእኛ ቤት በር ለጋሼ መቼም አይዘጋም» ብሎ ንግግር አደረገ። የቀድሞ መግቢያቸው ከነሙሉ ሥልጣኑ እንዲቀጥል አዘዘ፤ ስሙንና ቃሉን አሳምሮ አጽፎ በመስተዋት አስገጠመው። ተጨበጨበ። ፎቶ ተነሣ። የሕዝብ ግንኙነቱ ሰውዬ ሳይውል ሳያድር ድረ ገጹ ላይ ለጠፈው።

ዘበኛዋ በማግሥቱ ቃሉን ቀየረችው። ቀየረችና ሥራዬን ሠራሁ ብላ ተቀመጠች።

በወሩ ጋሼ ለቦርድ ስብሰባ በእንግድነት ተጠሩ። ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት፣ «እስኪ ጋሼ በቁልፍዎ ይክፈቱልን!» አለ። ሽማግሌው ሰሌዳው ላይ ያለውን ፊደል በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉ። እምቢ አለ። ደግመው ጻፉ፤ እምቢ አለ። እንግዶቹ ሳል ሳል አላቸው። ጋሼ ስቀው አለፉት፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ከስብሰባው እንደወጣ ዘበኛዋን አስጠራ።

«ሽማግሌ በአደባባይ አዋረድሽ!»

«ጌታዬ፣ ቃሉ ፎቶው ላይ ይነበባል። ፎቶው ይውረድ፣ መግቢያውም ይዘጋ። ጡረታ ወጥተዋል፣ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ጋሼ ሞቱ እንዴ?»

«ኧረ ምን ማለትዎ ነው!»

«ታዲያ በሕይወት ያለ ሰው ስም ከመዝገብ ምን ብለሽ ትፍቂያለሽ? ሟርተኛ ነሽ?»

«ፎቶውስ?»

«ፎቶ ላይ ያለ ፊደል ማን ሥራ ፈት ነው አጉልቶ የሚያየው? እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን። ቤተሰብ ከቤተሰቡ ቁልፍ ይደብቃል?»

በዚያው ቀን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሳት፤ የጋሼ መግቢያ እንደ ነበረ ይመለስ፣ ከእንግዲህ እንዳይነካ። መለሰችው። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲዘጋ ጻፈች። ሦስቱም ደብዳቤ ላይ ኅዳጉ «ይታይ» ይላል። ማን ነው የሚያየው? መቼ ነው የሚታየው? በዚህ መሥሪያ ቤት «ይታይ» ማለት «ይቀበር» ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል።

ደግሞ ጋሼ ብቻ አይደሉም። ያገባች ነርስ ከተማ ቀይራ ከሄደች አራት ዓመቷ ነው፤ መግቢያዋ አለ። «ብንዘጋው ተቀየሙኝ ትላለች።» ተባሮ የወጣ ሒሳብ ሹም መግቢያው አለ። «ከነገሩ ላይ ሌላ ነገር አንጨምርበት።» ሰው ሲሄድ በር መዝጋት ነውር፣ ክፍት ትቶ መተኛት ግን ጨዋነት የሆነበት ቤት! ይሉኝታ የሚሉት ይኸው ነው። ሌባ ይሉኝታ የለውም፤ ጨዋ የሆነው እኛው ብቻ ነን።

አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ስልኳን እያወዛወዘች ሮጣ መጣች። የድረ ገጹ የፊት ገጽ ተለውጧል። የጤና ጣቢያው አርማ የለም፣ የሥራ ሰዓቱ የለም። በምትኩ ረጅም ዝርዝር ወርዶበታል። የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች፤ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ መድኃኒት የጀመሩበት ቀን።

ዘበኛዋ ሰርቨሩን ልትከፍት ሞከረች፤ የራሷ ቃል አይሠራም። የገባው ሰው ቀይሮባታል። ቀጥሎ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገመዱን መንቀል። ግን ሌላ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነበረ፤ ያለ ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ሰርቨሩ እንዳይጠፋ፣ ጎብኚዎች ድረ ገጹን ያያሉና። ደወለች፤ አያነሳም። ሄደች። ጸሐፊዋ በሩ ላይ ቆመች።

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«እህቴ፣ ቤት እየተቃጠለ ነው።»

«ምንም ቢሆን አታስገቢ ብለውኛል። ተቀመጪ፣ አሁን ይወጣሉ።»

ቆመች። ተመላለሰች። በበሩ መስተዋት በኩል ለሥራ አስኪያጁ ምልክት አሳየችው፤ በእጁ «ቆዪ» አላት። አርባ ደቂቃ። ከዚያ ዞራ ወርዳ፣ የባልዲዋን ክፍል ከፍታ፣ ገመዱን በገዛ እጇ ነቀለችው። አርባ ደቂቃ ግን ለስልክ ካሜራ ዘላለም ነው። ዝርዝሩ በመቶ ስልክ ተነሥቶ፣ ከመቶው ስልክ ሌላ መቶ ተልኮ አልቋል።

ቅጂውን አውጥታ፣ ሰርቨሩን ከውጭው ዓለም ለይታ፣ የመግቢያውን ደብተር ስታነብ የገባው በማን ስም እንደሆነ አየች። በጋሼ። ስማቸውን ያን ጊዜ ማንንም ሳትጠይቅ ፋቀችው። ሌባው ማን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እስከ ዛሬ አይታወቅም። በር ከፍቶ ያደረውን ትቶ ሌባውን ብቻ የሚረግም ሰውም ሰልችቶኛል።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቤት ሄደች። ቃሉን ለሰው ሰጥተው እንደሆነ መጠየቅ ነበረባት። ሰሌዳው ሳሎን ውስጥ፣ ከልጆቻቸው የምረቃ ፎቶ መካከል ተሰቅሏል።

«እኔ እኮ ጌጥ መስሎኝ ነው ልጄ» አሉ ጋሼ። «የዚያ ቦርድ ዕለት እምቢ ካለኝ ወዲህ ነክቼውም አላውቅ። እንግዳ ሲመጣ አሳያለሁ እንጂ።» ቀጥለው ቀስ ብለው ጠየቁ፤ «ስንት ሰው?»

ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ሠላሳ ዓመት የሰውን ምሥጢር ሆዳቸው ውስጥ ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ስም ወጣ። አስቡት እስኪ።

ሐሙስ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ጠራት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ተዘጋጅቷል፤ ለበላይ የሚላክ ሪፖርት ነው። ሁለት ነጥብ አለው። አንደኛው፣ ችግሩ የተፈጠረው በሰርቨር ጠባቂዋ ቸልተኝነት ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ድረ ገጹ ለአጭር ጊዜ ቢታወክም የማንም በሽተኛ መረጃ አልወጣም ይላል።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። እኔ ብሆን ወረቀቱን ቀድጄ ፊቱ ላይ በትኜው ነበር። እሷ አልቀደደችም።

«አንደኛውን እፈርማለሁ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደነገጠ። ክርክር ነበር የጠበቀው።

«አርባ ደቂቃ በርዎ ላይ ቆሜያለሁ። መንቀል ስችል ፈቃድ ጠበቅሁ። እሱ የኔ ነው፤ ያንቀኛል። እፈርማለሁ። ሁለተኛውን ግን አልፈርምም። መረጃው ወጥቷል። ሰዎቹ አያውቁም። ለሁለት መቶ አሥራ አራቱም ተደውሎ ስማችሁ ወጥቷል፣ ተጠንቀቁ፣ መድኃኒታችሁን ግን አታቋርጡ ይባሉ። ያን ካደረጋችሁ የፈለጋችሁትን ጥፋት ጫኑብኝ።»

«ልደውል? ሕዝቡን ላስደነግጥ? የጤና ጣቢያው ስም ምን ይሆናል?»

«የእነሱስ ስም?»

«ሁለቱ ነጥብ አንድ ወረቀት ነው፣ አይነጣጠልም። ልጅ ታሳድጊያለሽ። ፈርሚና ሥራሽ ላይ ቆዪ።»

እስክሪብቶውን አነሣች። ሁለተኛው ነጥብ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ሳበችበት። ከአንደኛው ሥር ፈረመች። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አይቶ፣ «አበላሸሽው» አለ። ቁልፏን ተረከባት። ሰርቨሩን ማን እንዲጠብቅ እንደተሰጠው ገምቱ። ፎቶውን የለጠፈው የሕዝብ ግንኙነቱ ሰውዬ! እሷን ካርድ ክፍል፣ ከአቧራው መካከል ወረወሯት፤ ጉዳይሽ እስኪታይ ተብላ። ይታይ።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሰሌዳውን በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሣላቸው፣ ወንበር ሳበላቸው፣ ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው።

«ልጄ፣ የኔ ስም ነው ይህን ሁሉ ሰው በቁሙ የገደለው። የሄደውን ሰው ሁሉ ስም ፍቁ። ሰው ስሙ ስለተፋቀ አይሞትም። ለበሽተኞቹም ዛሬውኑ ንገሯቸው፤ ያቋረጠ በሽተኛ ምን እንደሚሆን አንተም ሐኪም ነህ፣ ታውቃለህ።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቃል ለእኛ ትእዛዝ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። እስከ መኪናው ሸኛቸው፣ በሩን ከፈተላቸው። በማግሥቱ ሰሌዳውን አጽድቶ፣ መስተዋቱን አስወልውሎ፣ በሾፌር መልሶ ላከላቸው። ስልክ ግን አልተደወለም። ለሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው አንድም ስልክ አልተደወለም። ሽማግሌን እንዲህ ከማክበር መስደብ ይሻላል፤ የተሰደበ ሰው ቢያንስ እንደተሰማ ያውቃል።

የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጠዋት ጠዋት መጥቶ ክኒኑን ነርስ ፊት ይውጣል። ለወራት፣ በየቀኑ። ዘበኛዋ ዝርዝሩን የመያዝ መብት የላትም፤ ግን ሰልፉ የት እንደሚቆም ታውቃለች። ከሥራ ሰዓቷ በፊት መጥታ በጓሮ በኩል ባለው በር ቆመች። እየለየች፣ ወደ ጆሮ ጠጋ እያለች፣ ለአንዱ ስትናገር ሌላው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስምህ ወጥቷል። ከሰው ከምትሰማ ከኔ ስማ። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ያንተ አይደለም። ክኒንህን ግን አታቋርጥ» ትላለች። አንዱ ሰደባት። አንዷ አቅፋት አለቀሰች። አንድ ሽማግሌ፣ «የኔ ልጅ፣ እኔንማ ሚስቴ ቀድማ አንብባልኛለች» ብለው አሳቋት።

ክኒን የምትሰጠው ነርስ ግን ሰልፉ እያጠረ መሆኑን ነገረቻት። ሠላሳ አንድ ሰው መምጣት አቁሟል። ካቆሙት አንዷ በእኛው ሰፈር ልብስ ሰፊ ናት፤ ዘበኛዋ ቤቷ ስትሄድ እኔም ተከትዬ ሄድኩ። የስፌት መኪናዋ ላይ ጨርቅ የለም። አንዲት ደንበኛዋ ከእኛ ቀድማ ደርሳ በሩ ላይ ቆማለች፤ ወደ ውስጥ አልገባችም።

«ጨርቄን ስጪኝ።»

«ተቆርጧል እኮ፣ እጅጌው ብቻ ነው የቀረው።»

«ከነቁራጩ ስጪኝ።»

በፌስታል አድርጋ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ፌስታሉን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ሄደች። ሐኪም ልብስ ሰፊዋን፣ ከእንግዲህ ለማንም አታስተላልፊም ብሏት ነበር። ከሐኪሙ ይልቅ የስልክ ፎቶ ታመነ።

«ክኒኑን ለምን ተውሽው?» አለቻት ዘበኛዋ።

«እዚያ በር ላይ የሚያየኝ ሰው ሁሉ ስልኩን የሚያወጣ ይመስለኛል።»

«ነገ አብረን እንሄዳለን። በኔ በኩል ሁኚ፤ ፎቶ የሚያነሣ ካለ እኔን ያንሣኝ።»

በማግሥቱ አብረው ሄዱ። ጋሼም በአሮጌ መኪናቸው ሌሎቹን ቤት ለቤት እየዞሩ ያመጣሉ፤ ነርሷ አድራሻ ትነግራቸዋለች፣ ሥራ አስኪያጁ አላየሁም ብሎ ያልፋል። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ሁለቱ ተመልሰዋል። ዘጠኙ አልተመለሱም። ሁለቱ ሰፈር ቀይረዋል፤ ሌሎቹ በር አይከፍቱም።

ዘበኛዋ ካርድ ክፍል ናት፣ ጉዳይዋም አልታየም። ስለ ሥራዋ ልጽፍ ነው ስላት ተቆጣችኝ። «እኔን ተይኝ። እኔ በልቼ አድራለሁ። በር ማንኳኳት ስንጀምር የሚዘጉብን ያ የዝርዝሩ ፎቶ ዛሬም ከስልክ ስልክ እየዞረ ስለሆነ ነው። መጻፍ ከቻልሽ እሱን ጻፊ።» እኔ ሁለቱንም ጻፍኩ፤ መታዘዝ ልማዴ አይደለም።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡት፦ ያ ዝርዝር ስልካችሁ ላይ ሊኖር ይችላል። ዘመድ ልኮላችሁ፣ «ጉድ እዩ» የሚል ተጽፎበት፣ ከሠርግ ፎቶና ከቀልድ መካከል ተቀምጦ ይሆናል። የላከላችሁ ሰው ይቀየመኛል ብላችሁ አትሽኮርመሙ። የምታውቁት ስም አለበት ወይ ብላችሁ አንድ ጊዜ እንኳ አትመልከቱ። ይህን ወረቀት አስቀምጡና፣ ስልካችሁን አውጡ፣ አጥፉት። ከዚያም ለላከላችሁ ሰው ደውላችሁ አንተም አጥፋ በሉት። አሁን።